ጨጓራ የበሽታ ስም አይደለም

«ምንህን ነው ያመመህ?» ሲሉህ «ጨጓራ አለብኝ» ትላለህ። የሌለው ማን አለ? ጨጓራ እኮ እንደ ጉልበት፣ እንደ ክርን የሰውነትህ ክፍል ነው። ጉልበቱ ያበጠ ሰው «ጉልበት አለብኝ» እያለ ዓመት ከዓመት ሲያነክስ ብታየው ትስቅበታለህ፤ «ታከማ!» ትለዋለህ። አንተ ግን ይኸው ስምንት ዓመትህ፣ የአንድ የሰውነት ክፍል ስም እየጠራህ፣ ያንኑ ስም ምርመራም ውጤትም ሕክምናም አድርገኸው ትኖራለህ። ልወቅስህ የተነሳሁት በመታመምህ አይደለም፤ መታመም ነውር የለበትም። የምወቅስህ ሆድህ ይህን ሁሉ ዓመት ሲያቃጥልህ፣ ሲነፋህና ሲቆርጥህ «ለምን?» ብለህ ባለመጠየቅህ፣ ስም አውጥተህለት እንደ ቤተሰብ አብረኸው በመኖርህ ነው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። አንተስ አልደበቅህም፤ ለሰፈሩ፣ ለመሥሪያ ቤቱ፣ ለዕድሩ ሁሉ ነግረሃል። ሠርግ ቤት ገብተህ «በርበሬ አይስማማኝም» ብለህ አልጫ አስመጥተሃል። ታክሲ ውስጥ አጠገብህ ለተቀመጠ ሰው ሳይቀር አውርተሃል፤ እሱም «ተልባ በባዶ ሆድ ጠጣበት» ብሎህ ወራጅ አለ ብሎ ወርዷል። ያልነገርኸው ሊመረምርህ ለሚችለው ሰው ብቻ ነው።

ያ ቃል ስንቱን ተሸክሞ እንደሚዞር ታውቃለህ? የጨጓራ ግድግዳ መቆጣት አለ። ቁስለት አለ፤ ቁስለቱም ጨጓራው ላይ ወይም ከጨጓራ ቀጥሎ ባለው የትንሹ አንጀት መነሻ ላይ ሊሆን ይችላል። አሲዱ ሽቅብ እየወጣ የምግብ ቧንቧን የሚያቃጥል አለ፤ ቃር የምንለው። ቅባት ያለው ምግብ ከበላህ በኋላ ቀኝ ጎንህን ወግቶ ወደ ትከሻህ የሚዞረው የሐሞት ጠጠር ሊሆን ይችላል፤ ጠጠሩን ደግሞ የጨጓራ ክኒን አያሟሟውም። ጃርዲያ ሊሆን ይችላል። ጥሬ ሥጋ ወዳዶች ነንና ኮሶ ሊሆን ይችላል። የአንጀት ቲቢ ሊሆን ይችላል፤ ቲቢ የሳምባ ብቻ ይመስልህ ነበር። የልብ ደም ሥር ሲዘጋ የሚመጣው ሕመም አንዳንዴ ደረት ላይ ሳይሆን ከእንብርት በላይ ነው የሚሰማው፤ «ጨጓራዬ ተነሳብኝ» ብሎ ወተት ጠጥቶ የሚተኛ ሰው በዚያው ሊያሸልብ ይችላል።

ካንሰርም ሊሆን ይችላል። ፊትህን አታዙርብኝ፤ አብዛኛው የሆድ ሕመም ካንሰር አይደለም። ግን አርሲና ባሌ ውስጥ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ከሌላው አካባቢ በዝቶ እንደሚታይ ሐኪሞች ሲናገሩ ኖረዋል። የሚጀምረውም በትንሽ ነገር ነው። ሥጋው አልወርድ ይላል፣ በውሃ ያወርዱታል። ቀጥሎ እንጀራው አልወርድ ይላል፣ በወጥ አርሰው ያወርዱታል። ቀጥሎ ገንፎና አጥሚት ብቻ ይሆናል። ሰውየው ሐኪም ፊት የሚቀርበው ውሃው ራሱ ተመልሶ ሲመጣበት ነው፤ እስከዚያ ድረስ ቤተሰቡ ሁሉ «ጨጓራው ነው» ሲል ከርሟል።

አንድ ፌስታል ላሳይህ።

አጎቴ ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ነድቷል፤ የጅቡቲን መንገድ ዓይኑን ጨፍኖ ያውቀው ነበር። «ጨጓራ አለብኝ» ማለት የጀመረው መቼ እንደሆነ ማናችንም አናስታውስም። የጨጓራ ክኒኑን፣ ኦሜፕራዞሉን፣ ከፋርማሲ የማመጣለት እኔ ነበርኩ። ስድስት ዓመት ያህል። ስገባ ባለሙያዋ «የጋሼን ነው?» ትለኛለች፣ «አዎ» እላለሁ፣ ትሰጠኛለች። የሐኪም ወረቀት የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ይህን የምነግርህ ንጹሕ ሆኜ እየገሠጽሁህ እንዳይመስልህ ነው።

በመጨረሻ ሚስቱ በግድ ይዛው ስትሄድ እኔም ተከተልሁ። እሷ መድኃኒቶቹን ሁሉ ጥቁር ፌስታል ውስጥ ጠቅልላ ይዛ ነበር። ሐኪሟ ገና ወጣት ናት፤ ፌስታሉን ስታየው ደስ አላት፣ ይህን አልጠበቅሁም ነበር። ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችውና እንደ ካርታ ደረደረችው። ኦሜፕራዞል፣ ግማሹ ያለቀ፣ ግማሹ ያልተነካ፣ አንዱ ጊዜው ያለፈበት። የተጀመረ አሞክሳሲሊን። የተጀመረ ሜትሮኒዳዞል። አንገቱ ላይ የደረቀ ነጭ የጨጓራ ሽሮፕ። በጋዜጣ የተጠቀለለ የተፈጨ ተልባ። ተጣጥፈው ያረጁ አራት የላቦራቶሪ ወረቀቶች፣ ከአራት የተለያዩ ክሊኒኮች። ከሥር ደግሞ ስድስት ሙሉ የዲክሎፌናክ ቅጠል።

«ጋሼ፣ ይሄ ዲክሎፌናክ የማን ነው?»

«እሱማ ለወገቤ ነው ልጄ። ከጨጓራው ጋር አይገናኝም።»

«በቀን ስንት ይወስዳሉ?»

«ሲብስብኝ ብቻ ነው።» ቆየና፣ «ጠዋትና ማታ።»

እሷም እስክሪብቶዋን አስቀመጠችው። ዲክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪንም ጭምር፣ ሕመም የሚያስታግሱበት መንገድ የጨጓራን ግድግዳ ከራሱ አሲድ የሚጠብቀውን ነገር የሚያመርተውን ሥራ ጭምር ያስተጓጉላል። አጎቴ በአንድ እጁ ጨጓራውን እያቆሰለ በሌላ እጁ ሕመሙን ሲያለባብስ ኖሯል ማለት ነው። ሁለቱም ክኒን የተገዛው ከአንድ ፋርማሲ ነው፤ አንዳንዴም በአንድ ቀን፣ በእኔ እጅ።

ቀጥላ «ሰገራዎ መልኩ እንዴት ነው?» አለችው።

«ደህና ነው።»

ሚስቱ ጥግ ላይ ባለው ወንበር ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ነበር። «ኧረ በእመቤቴ!» አለች። «ሬንጅ ነው የሚመስለው። ሦስት ወሩ። እንዳላይ ብሎ ውሃ በባልዲ እየደፋ ነው የሚወጣው።»

አጎቴ የመኪና ቁልፉን ማሽከርከር ጀመረ። ያን ቀን ከእኛ ወገን እውነቱን የተናገረ ሚስቱና ፌስታሉ ብቻ ነበሩ። ብረት ያለበት ክኒን የሚወስድ ሰው ሰገራው ሊጠቁር ይችላል፤ ሐኪሟ ይህንን ጠየቀችው፣ አልወሰደም። እንግዲህ ሬንጅ የመሰለ ሰገራ ማለት ላይኛው ሆድ ውስጥ የፈሰሰ ደም በአንጀት ሲያልፍ ጠቁሮ መውጣቱ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ደም እየፈሰሰው፣ ያንን ደም በባልዲ ውሃ እያጠበ ከሚስቱ ይደብቃል። በዕለቱ ደሙ ሲለካ ሄሞግሎቢኑ 7 ነበር። የዚያ ዕድሜ ወንድ ከ13 በላይ ሊኖረው ይገባል።

ይህን ዕፍረት ነው የምገሥጸው። ሆድ ይፍጀው ብለን ምስጢር የምንቀብረው ሆዳችን ውስጥ ነው፤ ሆዱ ራሱ ሲፈጅስ? ሰው ፊት ቁርጥ ጠቅልሎ መብላት ያላሳፈረህ ሰው፣ ስለ ሰገራህ ለሐኪም መናገር ምን ያሳፍርሃል? ናሙና አምጣ ብለው ትንሽ ኩባያ ሲሰጡህ ኩባያዋን በመሐረብ ትሸፍናለህ፣ ዞር ብለህ ታያለህ፣ ከዚያ «አልመጣልኝም» ብለህ በዚያው ትጠፋለህ።

አንድ ሰው አለ፣ ታሪኩን ብትሰማ ደስ ይለኛል። ፐርዝ በምትባል የአውስትራሊያ ከተማ ሮቢን ዋረን የሚባል ሐኪም ከታመሙ ሰዎች ጨጓራ በተወሰደ ናሙና ላይ ጠመዝማዛ ባክቴሪያ ደጋግሞ ያይ ነበር። አሲድ ውስጥ ምን ይኖራል ብለው የሚሰማው ጠፋ። ባሪ ማርሻል የሚባል ወጣት ሐኪም አብሮት ባክቴሪያውን ላቦራቶሪ ውስጥ ለማራባት ቢሞክር እምቢ አለው። እ.ኤ.አ. በ1982 ፋሲካ ሆነና ሠራተኛው በዓል ሲወጣ ናሙናዎቹ ከተለመደው ሁለት ቀን በላይ ተረስተው ከረሙ፤ ሲመለሱ በቅሎ ተገኘ። ለካ ጊዜ ነበር የሚፈልገው። ዓለም ግን ቁስለት የሚመጣው ከጭንቀትና ከአሲድ ነው እንዳለች ቀረች። ማርሻል በ1984 በቅድሚያ የራሱን ጨጓራ አስመረመረ፣ ጤነኛ መሆኑን አረጋገጠ፣ ከዚያ ባክቴሪያው የተራባበትን ፈሳሽ ጠጣው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ማስታወክ ያዘው። ጨጓራው እንደገና ሲታይ ተቆጥቷል፣ ባክቴሪያውም እዚያው አለ። ዛሬ አንተ ሳትቀር «ኤች ፓይሎሪ» እያልህ የምትጠራው እሱ ነው። ሁለቱ ሰዎች በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው።

ሰውየው የማያውቃቸውን ሰዎች የሆድ ሕመም ምክንያት ለማወቅ ሲል ባክቴሪያ ጠጣ። አንተ የገዛ ሆድህን ለማወቅ ኩባያ መያዝ አፈርህ።

እሺ፣ ሄድህ እንበል። ሄደህም ታበላሸዋለህ። ኤች ፓይሎሪን ከሰገራ ወይም ከትንፋሽ ለመመርመር ኦሜፕራዞል ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ ደግሞ ለአራት ሳምንት መቆም አለበት፤ አለዚያ ባክቴሪያው ቁጥሩ ስለሚቀንስ እያለ የለም ይባላል። አንተ ግን ማለዳ አንዱን ክኒን ውጠህ ትሄዳለህ፣ «የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ሲሉህ «የለም» ትላለህ። ኦሜፕራዞልን መድኃኒት አትለውማ፤ እንደ ጨውና ስኳር የቤት አስቤዛ ሆኗል። ወይም ቶሎ እንዲያልቅልህ በደም ይታይልኝ ትላለህ። የደሙ ምርመራ የሚያሳየው ሰውነትህ ባክቴሪያውን አንድ ጊዜ እንደተዋጋው ነው፤ ዛሬ ይኑር አይኑር አይለይም። ከሁለት ዓመት በፊት የታከመ ሰው ደሙ ዛሬም «አለ» ሊል ይችላል። አንተም በዚያ ወረቀት እንደገና መድኃኒት ትወስዳለህ።

መድኃኒቱንስ መቼ ጨረስኸው? ለአሥራ አራት ቀን የታዘዘልህን፣ ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክ ከኦሜፕራዞል ጋር፣ በአራተኛው ቀን ሕመሙ ሲለቅህ ታቆመዋለህ። አፌን መረረኝ ትላለህ። የቀረውን ለእህትህ ትሰጣታለህ፤ እሷም «ጨጓራ አለባት»። እንዲህ አድርገህ ባክቴሪያውን አልገደልኸውም፣ አሠልጥነህ ለቀቅኸው እንጂ፤ በሚቀጥለው ያው መድኃኒት ላይሠራበት ይችላል። የጨረሰውም ቢሆን ከአራት ሳምንት በኋላ ተመልሶ መጥፋቱን የሚያረጋግጥ ስንቱ ነው? ይህ ባክቴሪያ ቁስለት ብቻ አይደለም የሚያመጣው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1994 የጨጓራ ካንሰር አምጪ ብሎ ከሲጋራ ጋር አንድ ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። ከያዛቸው ብዙዎቹ ካንሰር አይነካቸውም፤ ይህ ግን አራተኛው ቀን ላይ ለማቆም ፈቃድ አይሆንህም።

ስለ ታይፎይድ ካነሳሁ ልቆጣ ነው፣ ግን ላንሳው። የአጎቴ ፌስታል ውስጥ ከነበሩት አራት ወረቀቶች ሦስቱ ላይ «ታይፎይድ» ተብሎ ተጽፏል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ! ምርመራው ፈረንሳዊው ፈርናንድ ቪዳል እ.ኤ.አ. በ1896 ያስተዋወቀው ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ተለክቶ ደህና ሰውንም ታማሚ ሊያደርግ ይችላል። ታይፎይድ ትኩሳት ነው፣ ሳምንታት የሚያንገላታ ብርቱ ትኩሳት። ለስምንት ዓመት ከምግብ በኋላ የሚነፋ ሆድ ታይፎይድ አይደለም። መርፌ ለመሸጥ ሲል ብቻ ያንን ወረቀት የሚጽፍ ክሊኒክ ኃጢአቱ የራሱ ነው፤ እግዜር ይየው። ግን አንተም «በዓመት ሦስቴ ታይፎይድ ይዞኝ እንዴት ቆሜ እሄዳለሁ?» ብለህ አልጠየቅህም። ስም ሰጡህ፣ መርፌ ወጉህ፣ ረክተህ ወጣህ። ሁለተኛው ክሊኒክ ስለ መጀመሪያው አያውቅም፣ ሦስተኛው ስለ ሁለተኛው። ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል። ወረቀቱን ይዘህ ሂድ ስትባል «እነሱ ምን ያውቃሉ፣ አዲስ ይሥሩልኝ» ትላለህ። ተመሳሳዩን ምርመራ አራት ጊዜ ከፍለህ ሠርተሃል፤ አምስተኛውን፣ ማለትም የሚያስፈልገውን፣ አልሠራህም።

ገንዘብ የለኝም ትላለህ። እዚህ ላይ ሁሉን በአንድ ገመድ አልጠፍርም። በእርግጥ የሌለው አለ፤ የቀን ሥራውን ጥሎ ሪፈር ተጽፎለት፣ ወረፋው ወር የሚያስጠብቀው፣ ሳይደርሰው ወደ አገሩ የሚመለስ አለ። እሱን አልገሥጽም፤ እሱን በዚያ ወረፋ ያቆምነው እኛ ሁላችን ነን፣ ተገሣጹም ወደዚያ ቢዞር ይሻላል። የምናገረው ካንተ ጋር ነው። ቅዳሜ ለአንድ ኪሎ ቁርጥና ለድራፍቱ ሳይቆጥር ለሚከፍለው። ለልጁ ልደት ተበድሮ ለሚደግሰው። የስምንት ዓመት ኦሜፕራዞል፣ ሽሮፕና የሦስት «ታይፎይድ» መርፌ ደምረው፤ የስንት ኢንዶስኮፒ ዋጋ እንደበላህ ራስህ ታገኘዋለህ።

ካሜራውን መዋጥ ትፈራለህ። ፍርሃቱስ ይገባኛል፤ እኔም ስውጠው ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1868 አዶልፍ ኩስማውል የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም የሕያው ሰው ጨጓራ ውስጥ ለማየት ሲነሳ ቧንቧው ቀጥ ያለ ግትር ብረት ስለነበር፣ ሰይፍ እየዋጠ ሕዝብ የሚያዝናና ሰው ፈልጎ አመጣ። ያኔ ብትፈራ እፈርድልህ ነበር። ዛሬ ቧንቧው ከትንሿ ጣትህ የሚቀጥን፣ እንደ ገመድ የሚታጠፍ ነው። ሌሊቱን ሳትበላ ታድራለህ፣ ጉሮሮህን የሚያደነዝዝ ይረጩልሃል፣ በግራ ጎንህ ትተኛለህ፣ አንድ ሲኒ ቡና በሚጠጣበት ጊዜ ያልቃል። ደግሞ ይህ ለሁሉም ሰው አያስፈልግም። ገና በወጣትነቱ ላይኛው ሆዱን ላመመው ሰው የሰገራ ምርመራ ሊበቃ ይችላል። ያላሰበው ክብደት እየቀነሰ፣ ምግብ አልወርድ እያለው፣ ደም እያስታወከ፣ ሰገራው እየጠቆረ፣ ደሙ እየቀነሰ ላለ፣ ወይም ዕድሜው ገፍቶ ሕመሙ አዲስ ለጀመረው፣ አባቱ ወይም እናቱ በጨጓራ ካንሰር ለሞቱበት ግን ነገ የሚባል ነገር የለም።

እውነተኛው ፍርሃትህ ግን ቧንቧው አይደለም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። «ቢገኝብኝስ?» ነው የያዘህ። ካልታየ የለም ብለህ ታስባለህ። ሱሪህን በቀበቶ ሁለት ቀዳዳ ስታጠብብ፣ ሚስትህ ስታይ፣ «ጾሙ ነው» ትላለህ። ጾሙን የሰበብ ጎተራ አደረግኸው፤ ቤተ ክርስቲያንም ሆነ እስልምና ለታመመ ሰው ከጾም ዕረፍት ሰጥተዋል። ጸበልህንም አልነቅፍም። ጸበሉ ሰገራህን አታስመርምር አላለህም።

አንቺም እህቴ፣ ዞር በይ። በአራት ወር ዘጠኝ ኪሎ ወርደሽ «አማረብሽ፣ ምን ተጠቀምሽ?» ሲሉሽ ሳቅ ብለሽ ታልፊያለሽ። ምንም እንዳልተጠቀምሽ ታውቂያለሽ። የወለድሽ ጊዜ የጀመረ የደም ማነስ ነው ብለሽ የብረት ክኒን ከጎረቤት ትበደሪያለሽ፤ ክኒኑም ሰገራሽን ያጠቁረዋል፣ ደም ቢኖርበት እንኳ እንዳታውቂው ይሆናል። ለባልሽ ሆድ ሐኪም ቤት ተሰልፈሻል፣ ለልጆችሽ ተሰልፈሻል። ለራስሽ ተልባ ትወቅጫለሽ።

ከባሕር ማዶ ያላችሁትም አላችሁበት። ከዋሽንግተን ስትመጡ ለእናታችሁ ሽቶ፣ ለአባታችሁ ኦሜፕራዞል በሻንጣ ታመጣላችሁ። ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን አንብባችሁት ታውቃላችሁ? ለአሥራ አራት ቀን ብቻ፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በአራት ወር ውስጥ አትድገሙ ይላል። እናንተ ግን የዓመት ስንቅ አድርጋችሁ ሰጥታችሁ ትሄዳላችሁ፤ ሽማግሌው እንግሊዝኛ አያነቡ፣ «ልጄ ያመጣልኝ የአሜሪካ መድኃኒት» ብለው በኩራት ይውጡታል። ከእኔ አትሻሉም። እኔም ከፋርማሲ አመጣ ነበር።

ደግሞ ተቃራኒው አለ፤ በዚህኛውስ ትንሽ እዘገያለሁ፣ ምክንያቱም የዚህ ሰው ጥፋት ከሌላው የተለየ ነው። ሄዷል። ሁሉንም አስመርምሯል። ሰገራው ታይቷል፣ ደሙ ታይቷል፣ በካሜራ ታይቷል፣ ምንም ቁስል የለም። ሐኪሙ ለሁለት ደቂቃ አየውና «ምንም የለብህም» አለው። ይህ የሐኪሙ ስንፍና ነው፤ ያመመውን ሰው ምንም የለብህም ማለት ሕክምና አይደለም። አንጀት ሲታይ ጤነኛ ሆኖ እንቅስቃሴውና ስሜቱ የሚዛባበት ሕመም አለ፤ መስፈርትም አለው። ባለፉት ሦስት ወራት ውስጥ በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ሆድን የሚያም፣ ከጀመረ ከስድስት ወር በላይ የሆነው፣ ሕመሙም ሽንት ቤት ከመሄድ ጋር፣ ከሰገራው ድግግሞሽና ቅርፅ መለወጥ ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ ስም ያለው፣ የሚታከም ሕመም ነው። ሰውየው ግን ይህንን ሲነግሩት አልተቀበለም። ቁስል ተገኘ ቢሉት ይሻለው ነበር! «አላወቁልኝም» ብሎ ስድስተኛ ክሊኒክ ሄደ፣ እዚያ ታይፎይድ አገኙለት፣ ደስ ብሎት ተመለሰ። እሱ የሚፈልገው መታወቅ አልነበረም፤ የሚፈልገው መወጋት ነበር። ጤነኛ ውጤት ሲያሳዝነው ያየሁት ሰው እሱ ብቻ ቢሆን አልጽፈውም ነበር።

መካሪዎችንም አልተዋቸውም። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች፤ አንቀው የገደሏት ግን «እኔን ያዳነኝ» ባዮች ናቸው። እሬት የሚያጠጣ አለ፣ ፌጦ በሎሚ የሚያዝ አለ፣ ነጭ ሽንኩርት በማር አለ። ወተት በየሰዓቱ ጠጣ የሚል ደግሞ የትም አይጠፋም፤ ወተት ለጊዜው አብርዶ ኋላ አሲድ እንደሚያስጨምር ማንም አይነግረውም። ሰው «ሆዴን አመመኝ» ሲልህ ልትለው የሚገባህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተመረመርህ ወይ?

አጎቴ ፌስታሉ በተዘረገፈ በማግስቱ በካሜራ ታየ። የጨጓራው መውጫ ላይ ዕጢ ተገኘ፣ ወደ ጉበቱም ተሻግሯል። ከስድስት ዓመት በፊት ቢታይ ይድን ነበር ብዬ አልምልም፤ ሐኪሟም አላለችም። ዕጢው ያኔ ይኑር አይኑር ማንም አያውቅም፣ ምክንያቱም ማንም አላየም። የምናውቀው ኦሜፕራዞል እንዲህ ያለውን ሕመም ለጊዜው አስታግሶ ሊደብቅ እንደሚችል፣ ያንንም ኦሜፕራዞል ማን እንዳመጣው ነው። በሰባተኛው ወር ቀበርነው። ለቅሶው ላይ ድንኳን ውስጥ አንድ ጎረቤት «ምን ነበር ያመማቸው?» ብሎ ጠየቀ። አጠገቡ ያለው «ጨጓራ ነበረባቸው» ብሎ መለሰለት።

ስለዚህ አንተ ወንድሜ፣ ሰኞ ሂድ። ዛሬና ነገን ተቀምጠህ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ፣ ሌሊት ይቀሰቅስህ እንደሆነ፣ ስንት ኪሎ እንደወረድህ፣ ከቤተሰብህ በሆድ ሕመም የሞተ ካለ ማን እንደሆነ በወረቀት ጻፍ። ሰገራህን ተመልከት፣ መልኩን ጻፍ። «ጨጓራ አለብኝ» ብለህ አትጀምርለት፤ የሚሰማህን ንገረውና ስሙን እሱ ያውጣለት። ለወገብህ፣ ለራስህ፣ ለጥርስህ የምትወስደውንም ሳታስቀር ያሉህን መድኃኒቶች ሁሉ፣ ያረጁትንም ወረቀቶች፣ አንድ ፌስታል ውስጥ ክተት። ሚስትህ አብራህ ትግባ። ፌስታሉን ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፈው።